ዝማሬ ጠበል ናት

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ፣ ከይመኙሽ የፈትልና የጥለት ሱቅ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት አለ። ዛሬ ታቹ ሞባይል መሸጫ፣ ላዩ የጥርስ ሐኪም ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግን ላዩ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው የእንጨት ደረጃ እስካሁን አልተለወጠም፤ ከታች ሦስተኛው እርከን ሲረግጡት እንደ ድሮው ይጮኻል። ገዢ ጠፍቶ እጇ ሥራ ሲፈታ የይመኙሽ ዓይን እዚያ ደረጃ ላይ ይሄድና ይቀራል።

ልጇ ዝማሬ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ ውስጥ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ አቧራ እንዳይነካቸው አቡጄዲ ለብሰው፣ በር ተቆልፎባቸው፣ ተማሪው በመስኮት ብቻ የሚያያቸው። ዝማሬ በመስኮት ማየቱ ስላልበቃት ከትምህርት ስትወጣ በቀጥታ ወደዚህ ፎቅ ትመጣለች። ይመኙሽም ሱቋን ቶሎ ዘግታ ደረጃው ሥር ትቀመጣለች። ማንም ጠብቂያት ያላት የለም። ልጅቱን ኤሌክትሪክ ቢይዛትስ? ደረጃው ቢሰበርስ? አሠልጣኙ ሰው መሳይ ክፉ ቢሆንስ? ቆሎዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የክፉውን ዓይነት በየተራ ስታስብ፣ ከላይ የልጆቹ ጣቶች ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሰሟታል።

ዝማሬ ስትወርድ ወሬው ሁልጊዜ ያው ነው።

«እማዬ፣ ዛሬም መጣሽ?»

«በዚህ ሳልፍ ነው እንጂ።»

«ሱቅሽ እኮ ፊት ለፊት ነው! ወዴት ስታልፊ ነው?»

ከዚያ ቆሎውን እየተሻሙ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ያን ጊዜ የይመኙሽ ፍርሃት መቀመጫ ነበረው። ደረጃው ሥር ይቀመጥና ልጅቱ ስትወርድ አብሮ ተነሥቶ ይሄዳል። አሁን ዝማሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ናይሮቢ፣ የምትሠራው ከመቶ በላይ አገር ውስጥ ክትባትና መድኃኒት በሚያደርስ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። መድኃኒቱ ከመጋዘን ወጥቶ ገጠር ጤና ኬላ እስኪገባ ድረስ የት እንደደረሰ፣ ሙቀት እንዳገኘው እንዳላገኘው በኮምፒውተር የሚከታተለው የእሷ ቡድን ነው፤ አርባ ሦስት ሰው ታዛለች። ሌላ እናት ይህን ብትሰማ እልል ትል ነበር። ይመኙሽ መጀመሪያ የታያት የአርባ ሦስቱ ሰው ዓይን ነው።

ዝማሬ የስሌት ነገር የወረሰችው ከአባቷ ነው ትላለች ለራሷ። ባሏ መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነበሩ፤ ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚታወቅበትን ስሌት ለደብሩ ተማሪዎች ያስተምሩ ነበር። ቤት ሲገቡ ደግሞ የዝማሬን ጣት እየያዙ ያስቆጥሯታል። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የመጪውን ዓመት ፋሲካ ከእሳቸው ቀድማ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አላመሰገኗትም። «በሌላ መንገድ ደግሞ ቁጠሪው፤ ያው ከመጣ እቀበልሻለሁ» አሏት። ዛሬ ናይሮቢ፣ በእሷ ቡድን ውስጥ፣ ሥራውን በሁለት መንገድ ሳይፈትን ጨርሻለሁ የሚል ሰው የለም። «የአባዬ ሕግ» ነው የምትለው ዝማሬ፤ ኬንያዊቷም ሴኔጋላዊቷም በአማርኛ «የአባዬ ሕግ» ማለት ለምደዋል። ይመኙሽ ይህን በስልክ የሰማች ቀን ሱቋ ውስጥ ብቻዋን አለቀሰች። የምትነግረው ሰው ፈልጋ ነበር፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። ራሷ ናት እንዳይኖራት ያደረገችው።

ይመኙሽ አምባ ጊዮርጊስ ተወልዳ፣ ጎንደር አጎቷ ቤት ተቀምጣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ ውጤት በጥቂት ነጥብ ጎድሎባት የቀረች ሴት ናት። ከዝማሬ በፊት ወንድ ልጅ ነበራት። በስድስት ወሩ አዝላው ለእናቷ ልታሳየው አምባ ጊዮርጊስ ወጣች፤ የገበያ ቀን ነበር። አንዲት የማታውቃት ሴት ከጀርባዋ ቀረብ ብላ «እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» አለች። በሳምንቱ ልጁ ትኩሳት ይዞት ሞተ። የሳንባ ምች ነው ያለውን ሐኪም ይመኙሽ አምናዋለች፤ የተማረች ናት። ሐኪሙን ማመንና ሴትዮዋን መርሳት ግን አንድ አልሆነላትም። ዝማሬ ስትወለድ ግንባሯን ጥላሸት ቀባቻት። ሰው «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲላት «ምን እሷ፣ ስታለቅስ ውላ ታድራለች» ትላለች። ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ «አለፈች መሰለኝ» አለች። አዲስ አበባ ተቀጥራ ስትሄድ «ቢሮ ውስጥ ወረቀት ታመላልሳለች» አለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ዝማሬ ወደ ናይሮቢ ስትሻገር ጥምቀት ደረሰ፤ ዝማሬም አልመጣችም። ጎረቤቷ ዝናሽ ጠየቀቻት። ዝናሽ ከጎኗ ያለው ሱቅ ባለቤት ናት፤ ከወለቃ የሚመጣ የሸክላ ዕቃ ትሸጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተዋል።

«ምነው ዝማሬ ለጥምቀት ቀረች?»

ውጭ አገር ናት ብትል «ምን ሆና?» ይመጣል። አለቃ ሆና ብትል ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማሰብም አልፈለገችም። አፏ ላይ የደረሰውን አወጣችው።

«አሟታል። ጠበል ገብታለች።»

ሦስት ቃል ነበር። ዝናሽ ግን «የትኛው ጠበል?» አለች፤ «ሩቅ ነው» አለች ይመኙሽ። «ምኗን?» «ራሷን።» ከዚያ በየሳምንቱ «እንዴት ዋለች?» ሲባል «ተመስገን፣ ያው ናት» ማለት መጣ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የአራዳ ነጋዴ በሙሉ ዝማሬ ጠበል እንደሆነች ያውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ረፋዱ ላይ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ።

«ወይዘሮ ይመኙሽ ነዎት? ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው። ዝማሬ ወልደኢየሱስ የምትባል ልጅ አለችዎት?»

በዚህ ዘመን የማይታወቅ ሰው የልጅን ስም ከነአባቱ ሲጠራ ምን እንደሚከተል ያልሰማ የለም። ሰው በመንገድ ይታገታል። ከማገታቸው በፊት ደግሞ የት እንደሚሠራ፣ ምን እንዳለው ያጣራሉ ነው የሚባለው።

«ምን ልታደርግልህ ነው?»

«ለሥራ ጉዳይ አንዳንድ ነገር ለማጣራት ነው። የት ነው የምትሠራው?»

ማጣራት! ራሱ ተናገረ።

«ሥራ የላትም» አለችው። «ታማብኛለች። ጠበል ከገባች ሦስት ዓመቷ።»

«ጠበል? ናይሮቢ አይደለችም እንዴ?»

«ናይሮቢን በስሙም አናውቀው።»

ሰውየው ሲጽፍ ይሰማል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ይመኙሽ ድምጿን አወፍራ «ይመኙሽ የለችም፣ ወጥታለች» አለችው።

«ቅድም ያነሡት እኮ እርስዎ ነዎት፤ ድምፅዎ ነው።»

«እሷ ናት ያነሣችው። አሁን ወጣች» ብላ ስልኩን አጠፋችው። ልጇን ከጅብ አፍ ያስጣለች ያህል ኮራ ብላ ዋለች።

ዝማሬ የምትደውለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ረቡዕ ስትደውል ጊዜ፣ ይመኙሽ ስልኩን እስክታነሣው ድረስ አስከሬኑ በየትኛው አውሮፕላን እንደሚመጣ ማሰብ ጀምራ ነበር።

«ደህና ነሽ? ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ሰኞ ዕለት ሰው ደውሎልሽ ነበር?»

«አንድ አጋች ደውሎ ነበር፤ አሳፍሬ መለስኩት።»



«አጋች አይደለም እማዬ። እኛ ድርጅት የቀጠረው አጣሪ ነው።»

ይመኙሽ ነገሩን ቀስ በቀስ ተረዳችው። ዝማሬ የመላው ድርጅት የቴክኖሎጂ ኃላፊ ለመሆን ተወዳድራ አልፋለች። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ታናሽ እሷ ናት፤ ሌሎቹ ሃምሳ የዘለሉ ወንዶች ነበሩ። ሹመቱ ሳይጸድቅ የተሿሚው ማንነት ከቤተሰብ ይጣራል፤ ዝማሬም የቤተሰብ ብላ የሰጠችው የእናቷን ስልክ ነው።

«የመቶ አገር መድኃኒት የሚሄድበት ሥርዓት ቁልፉ እኔ እጅ ሊገባ ነው» አለች ዝማሬ። «እናትየዋ ልጄ ታማ ጠበል ናት ካለች፣ እዚህ ዝማሬ ነኝ ብላ የተቀመጠችው ማን ናት? እንዲህ ነው የሚሉት። ከመራጮቹ አንዱ ሰውዬ ድሮም ልጅ ናት ብሎ አልፈለገኝም። አሁን ምክንያት አገኘ።»

«እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ...»

«አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለሽ ነው።» ዝማሬ አልተቆጣችም፤ ድምጿ ደከመ እንጂ። ይመኙሽ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ሰው ነው ታማለች ያልሽው?»

ይመኙሽ አራዳን ከላይ እስከ ታች በሐሳቧ ዞረችው።

«ጥቂት ሰው» አለች።

የተሰጣት ጊዜ እስከ ዓርብ ነው። ፎቶዋ የተለጠፈበት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት፣ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት የማንነት ማረጋገጫ ካልደረሰ ቦታው ለሁለተኛው ሰው ይሰጣል።

ሐሙስ ዕለት ይመኙሽ ምስክር ፍለጋ ወጣች። ወጣች እንጂ እውነቱን ይዛ አልወጣችም። መጀመሪያ የሄደችው አያ ቢያዝን ቤት ነው። አያ ቢያዝን ከጎንደር ደባርቅ አውቶቡስ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። በራቸው ላይ ቆማ ስትጣራ ያ አውቶቡስ ትዝ አላት። ለእናቷ ጥየቃ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጡ ዝማሬ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ነው የምትፈልገው። ወገራ ላይ ሲደርሱ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ገብሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በነፋስ ይተኛል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ ያንቀላፋል። ዝማሬ ግን አንገቷን አስግጋ «አያ፣ ይሄ ዘንግ ምን ያደርጋል? ዳገት ላይ ለምን ወደዚህ ይሳባል?» እያለች ትነዘንዛለች። «ልጅቱ ማኪናዬን ልትወስድብኝ ነው፣ ያዢልኝ!» ይሉ ነበር አያ ቢያዝን። ይመኙሽ የዚያን ጊዜ አውቶቡሱ ገደል ሲገባ እያሰበች ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሄደው። አሁን ያን መንገድ አንድ ጊዜ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ ልጇን አቅፋ ብትሄድበት ትወድ ነበር።

ለአያ ቢያዝን «የዝማሬ የመታወቂያ ነገር ነው፣ ነገ ቀበሌ መጥተው ይፈርሙልኝ» አለቻቸው። የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ለነበሩት ለቄስ ዕንባቆምም ይህንኑ አለች። ሦስተኛዋ ዝናሽ ነበረች።

«ለጠበልተኛ ምን መታወቂያ ያስፈልጋታል?» አለች ዝናሽ።

«ለመድኃኒት ቤት።»

«ውይ፣ መድኃኒትም ጀመረች? እመጣለሁ እንጂ፣ ለእሷማ!»

ዓርብ ጠዋት አራቱም ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተገኙ። ጸሐፊው አቶ ፋንታሁን ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ ዝማሬ በስልክ የላከችውን ፎቶ አትሞ ለጥፎበታል። ይመኙሽ ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ፣ «እንዲያው ሳይነበብ ቢፈርሙ ምን አለበት? ሰውም ሥራ አለው» አለችው ቀስ ብላ።

«አይሆንም ወይዘሮ ይመኙሽ፣ ምስክር የሚፈርመው ተነቦለት ነው» አለና መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ጀመረ። «ከዚህ በላይ ፎቶግራፏ የሚታየው ወይዘሪት ዝማሬ ወልደኢየሱስ በቀበሌያችን ተወልዳ ያደገች፣ በአሁኑ ጊዜ በናይሮቢ ከተማ በዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ በቴክኖሎጂ ሥራ ላይ በኃላፊነት የምትገኝ መሆኗን...»

«ቆይማ» አለች ዝናሽ። «የማን ልጅ?»

«የወይዘሮ ይመኙሽ።»

«የይመኙሽ ልጅ ጠበል ናት።»

ፋንታሁን ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ይመኙሽ አየ። ቄስ ዕንባቆም መሬት መሬት አዩ። አያ ቢያዝን ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው፣ «እኔስ ሦስት ዓመት የሚያስቆይ ጠበል የትኛው ነው ብዬ ልጠይቅ አፍሬ ነው የተውኩት» አሉ።

«ይመኙሽ» አለች ዝናሽ። «ልጅቱ የት ናት?»

ይመኙሽ አፏን ከፈተች። ሦስት አራት ውሸት ተሰልፎ መጣላት፤ አንዱም ግን ከዚያ ወረቀት ጋር አልሄድ አላት።

«ናይሮቢ ናት» አለች። «ታማም አታውቅ።»

ዝናሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«ሦስት ዐቢይ ጾም! ከሥርዓቱ በላይ ለእሷ ብዬ አርባ አርባ ስግደት ጨምሬ ሰግጃለሁ። ይኸው ጉልበቴ ይመስክር! እኔ ለማን ነበር የምሰግደው? ለኮምፒውተር?»

«ዝናሽ፣ ስሚኝ...»

«የማላውቀውን አልመሰክርም» ብላ ወጣች።

ፋንታሁን ሰዓቱን አየ። «ሁለት ምስክር አይበቃም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስብሰባ ነን፤ ማኅተሙ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ያለው።» አምስት ሰዓት አልፎ ነበር።

ይመኙሽ ተከትላት ስትወጣ ዝናሽ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ሸክላ ስለምሸጥ ነው አይደል?» አለች ሳትዞር።

«ምኑ?»

«አታስመስይ። እናቴ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር። ገበያ ስንወጣ ሴቱ ሁሉ ሲያየን ልጁን በነጠላ ይሸፍን ነበር፤ ዓይን አላቸው ብለው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። አንቺ አትሸፍኚም ብዬ ነበር። ለካ አንቺ ልጅሽን ሦስት ዓመት ሸፍነሽብኛል።»

ይመኙሽ ደነገጠች። ክፉውን ሁሉ ስታስብ የኖረች ሴት ይህን አስባው አታውቅም። ሁልጊዜ የምታየው በልጇ ላይ የሚመጣውን ነው፤ እሷ ራሷ በሰው ላይ የምታመጣው ነገር ይኖራል ብላ አንድ ቀን አልፈራችም።

«ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነግራት አታውቅም። የአምባ ጊዮርጊስን ገበያ፣ ከጀርባዋ የመጣችውን ሴት፣ ትኩሳቱን፣ ሁሉንም እዚያው ቆማ ነገረቻት። ዝናሽ ቀስ ብላ ዞረች።

«ስሙ ማን ነበር?»

«አምሐ።»

ዝናሽ ከንፈሯን መጠጠች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«እሱን እግዜር ያሳርፈው። እኔስ? እኔን ፈርተሽ ነው ወይስ አይደለም? ይኸን ብቻ ንገሪኝ።»

«ከቄሱም ደብቄያታለሁ፣ ከወንድሜም ደብቄያታለሁ። ከራሴም ልደብቃት ምንም አልቀረኝም፤ ባለፈው ኪዳነምሕረት ቆሜ እንድትድንልኝ ስለምን ራሴን አገኘሁት!»

ዝናሽ ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ። በነጠላዋ ጠርጋው ወዲያው ኮስተር አለች።

«አሳዪኝ። በዓይኔ ሳላያት አልፈርምም።»

ፋንታሁን በራሱ ስልክ በቪዲዮ ደወለ። አንዴ ተቋረጠ፤ አንዴ ሥዕሉ መጥቶ ድምፁ ጠፋ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። በሦስተኛው ዝማሬ ከመስታወት ግድግዳ ፊት ቆማ ታየች፤ ከኋላዋ ሦስት ወጣት ሴቶች ጠረጴዛ ከበው አንድ ትልቅ ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። ዝማሬ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ስትላቸው ሦስቱም ዝም አሉ። ይመኙሽ ልጇ ሰው ስታዝ አይታ አታውቅም ነበር። ድምጿን አልጨመረችም። አባቷ «በሌላ መንገድ ቁጠሪው» ይሉ የነበረው እንዲህ ነበር፤ ዝግ ብለው።

ዝናሽ ስልኩን ተቀበለች።

«እትዬ ዝናሽ!»

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ዝማሬ ከሆንሽ፣ ልጅ ሆነሽ ስትሮጪ ስንት ጀበና ነው የሰበርሽብኝ?»

«አራት ነው። እርስዎ ግን ለእማዬ ስድስት ብለው ነገሩብኝ።»

«ራሷ ናት!» አለች ዝናሽ ለፋንታሁን። «ስድስት ነበር፤ ግን ራሷ ናት።»

አያ ቢያዝን አንገታቸውን አስግገው ገቡ። «ማኪናዬን ልትወስጂ ያልሽ ልጅ! አሁን ስንት ሰው ነው የምትመሪው?»

«አርባ ሦስት፣ አያ።»

«አይ፣ ይህማ ትንሽ ነው። እኔ ስልሳ እጭን ነበር፤ በግ ሳልቆጥር።»

ከመስታወቱ ማዶ ያሉት ሴቶች ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ዝናሽ ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበች።

«ጤና ነሽ ልጄ?»

«ጤና ነኝ እትዬ።»

«ራስሽንም አያምሽ?»

«ስብሰባ ሲበዛ ትንሽ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ስግደቱን እማዬ ገና አሁን ስልኩ ሲቆራረጥ በመልእክት ጻፈችልኝ። ምን እንደምልዎት አላውቅም።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ያጠፋችው እዚህ ቆማለች፤ ከእሷ ጋር ቆይተን እንተያያለን። ጤነኛ የሆንሽው በእኔ ጉልበት ነው፣ ይኸን ለአለቆችሽ ንገሪያቸው። ጻፍ ፋንታሁን!»

ሦስቱም ፈረሙ። ማኅተሙ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ አረፈ። ፋንታሁን ፎቶ አንሥቶ ላከው።

ከዚያ በኋላ ዝናሽ አልተናገረቻትም። ሰላምታ ትሰጣታለች፤ ከሰላምታው ወዲያ ግን ቃል የለም። ቅዳሜም ሰኞም እንዲሁ ሆነ። ከግድግዳው ማዶ የሸክላ ዕቃ ሲነሣና ሲቀመጥ ይመኙሽ ትሰማለች። ዝማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሄደችበት ቀን ትዝ ይላታል። ሻንጣውን ያሰረችው ዝናሽ ነበረች፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ሁለቱ ተቀምጠውበት ዝማሬ ጎትታ ዘጋችው፤ እንደዚያ ቀን ስቀው አያውቁም። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ አብሯት የሚያስታውስ ሰው አጠገቧ ነበር፤ እሷ ግን ግድግዳውን አወፈረችው። ልጅቱ ሹመቱን ብታጣ ጥፋቱ የእሷ ነው። ብታገኝም ዝናሽን ያጣቻት እሷ ናት። ይመኙሽ ሁለቱንም እንደደረሰ አድርጋ አስባ ጨርሳ ነበር።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዝማሬ ደወለች።

«እማዬ፣ ጸደቀ።»

ይመኙሽ የፈትል ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ያ ሰውዬስ? የማይፈልግሽ?»

«እሱም ፈረመ።»

«ፈረመ? እሱን ተጠንቀቂው።»

«እሺ እማዬ።»

«አውሮፕላን ይበዛል ማለት ነው?»

«ይበዛል።»

«መስኮት በኩል አትቀመጪ።»

ዝማሬ ሳቀች፤ ሳቋ ማብቂያ ላይ ተሰበረ። «አባዬ ቢሰማ ምን ይል ነበር?» አለች።

«በሌላ መንገድ ደግሞ ተሾሚ ይልሽ ነበር» አለች ይመኙሽ።

ስልኩ ሲዘጋ ተነሣች። ሱቋን ሳትዘጋ፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ ጎረቤት ሄደች። ዝናሽ ሱቅ ውስጥ ሁለት የገጠር ሴቶች ድስት እያንኳኩ ይመርጣሉ። ይመኙሽ በሩ ላይ ቆማ በልማዷ ድምጿን ዋጠችው።

«ዝማሬ ተሾመች።»

ዝናሽ ከምትወለውለው ማሰሮ ቀና አላለችም።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

ሁለቱ ሴቶች ዞረው እያዩአት ነው። እነማን እንደሆኑ አታውቅም፤ ከየት እንደመጡም አታውቅም።

«ልጄ ዝማሬ ተሾመች!» አለች ጮክ ብላ፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ናይሮቢ ነው ያለችው። የመቶ አገር መድኃኒት በየት እንደሚሄድ የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር በሙሉ የምታዝ እሷ ሆነች። ዛሬ ጸደቀ!»

«እሰይ!» አለች ከሴቶቹ አንዷ ድስቱን እንዳቀፈች። «የማን ልጅ ናት?»

«የእኔ» አለች ይመኙሽ።

ዝናሽ ማሰሮውን አስቀመጠች፤ ከጠረጴዛው ሥር ዱካ አውጥታ በእግሯ ገፋችላት።

«ተቀመጪ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ፣ ሦስት ዓመት ያስቀረሽብኝን ሁሉ። የቤቷን፣ የምትበላውን፣ በግድግዳው የሰማሁትን ያን ሰውዬም ጭምር። አንድ ብታስቀሪ ወዮልሽ!»

ይመኙሽ መንገዱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየች። ከዚያ ተቀመጠች።

«ናይሮቢ የገባች ቀን ዝናብ ነበር አለችኝ፤» ብላ ጀመረች፤ «ጥላም አልያዘች።»